የቦርዋዲን መሬት ሠላሳ ዓመት የተሸከሙት የአቶ መርዕድ ጥጋቡ የሕይወት ታሪክ

አቶ መርዕድ ጥጋቡ ከአባታቸው ከአቶ ጥጋቡ ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጂቱ አየለ፣ በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ሐምሌ 19 ቀን 1922 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ በትክክል የታወቀው እናታቸው ምጥ የያዛቸው በገብርኤል ዕለት፣ ማሳ ውስጥ ስለነበር ነው። በበዓል ቀን ማሳ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር የሚል ካለ የጅሩን ክረምት አያውቅም። ቦይ ከተደፈነ ስንዴው በአንድ ቀን ይሰጥማል፤ ውሃ ደግሞ በዓል አያከብርም።

የጅሩ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ይቦካል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ገበሬው አርሶ ሲጨርስ ቤተሰቡ በሙሉ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከል የሚቀረው ቦይ ትርፉን ውሃ ወደ ገደሉ ይሸኘዋል። አቶ መርዕድም ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ በዚህ ሥራ አድገዋል። ከአባታቸው የተማሩት ሌላም ነገር ነበር። በጅሩ የመሬት ጥልቀት የሚታወቀው በስንጥቁ ነው። በበጋ ዱላ ወደ ስንጥቁ ሲሰደድ ክንድ ተኩል ከገባ መሬቱ ጥልቅ ነው፤ ያልተሰነጠቀ መሬት ግን ሥሩ ድንጋይ ነው ይባላል። ይህን ዕውቀት ሕንድ አገር ድረስ ይዘውት ሄደዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይህን የምጽፈው የእህታቸው ልጅ አዲስአለም ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ታጋሽ፣ ሁሉም ለድሃ አዛኝ ይሆናል። አጎቴ ይህን አስቀድመው አይተውት «ውዳሴ እንዳትጽፊ፤ የሆነውን ጻፊ» ብለው አዘውኛል። ስለዚህ በቀብራቸው ዕለት እንኳ ቃላቸውን እንዳልተላለፍ የሆነውን እጽፋለሁ።

አቶ መርዕድ ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያም ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፤ ቀጥለው እርሻ ትምህርት ቤት ገብተው በ1945 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ። በእርሻ ሚኒስቴር ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የአፈር ጥናት እንዲማሩ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሕንድ ተጓዙ።

ከትምህርቱ ግማሹ በመስክ ላይ ስለነበር ሻንታፑር ወደሚባል የገጠር አውራጃ ተመደቡ። ይህን አውራጃ ቤተሰባችን ከጅሩ ይልቅ ያውቀዋል። በእራት ሰዓት ሲነገረን ያደግነው እሱ ነውና። በስተምዕራብ አናታቸው የተደለደለ፣ ጎናቸው እንደ ደረጃ የተቆረጠ ተራሮች አሉ። ከተራራው ግርጌ ቀይና ስስ አፈር ይጀምራል፤ እዚያ ኦቾሎኒና ኑግ ይዘራል። አዎን፣ ኑግ። አቶ መርዕድ የኑጉን ቢጫ አበባ ባዩ ዕለት መንገድ ላይ ቆመው ማልቀሳቸውን ሳያፍሩ ይናገሩ ነበር። ከቀዩ አፈር በታች መሬቱ ቀስ እያለ ይወርድና ይጠቁራል። ያ ጥቁር መሬት እስከ ወንዙ ድረስ የሁለት ቀን መንገድ ተዘርግቷል፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥልበታል፤ ገበሬው ግን ክረምቱን ጦሙን ያሳድረውና ዝናቡ ሲያበቃ በጠጣው ውሃ ማሽላና ሽምብራ ይዘራበታል። ወንዙ ዳር አሸዋ፣ ከአሸዋው ጠርዝ የማንጎ ዛፎች። በየመንደሩ ደጃፍ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። ልጃቸው ዳዊት ትምህርት ቤት ስለ ትውልድ አካባቢህ ጻፍ ቢባል ሻንታፑርን ጽፎ ከአስር ዘጠኝ አግኝቷል።

አውራጃውን በካርታ ላይ የሚያሰፍረው መሥሪያ ቤት ለአቶ መርዕድ ከሰጣቸው ድርሻ ውስጥ ቦርዋዲ የምትባል መንደር ነበረች። መንደሪቱን ያጠኑት በሚያዝያ 1948 ዓ.ም.፣ በበጋው እሳት ነው። ቀኑ አልቆባቸው፣ አለቃቸውም እየነዘነዟቸው ነበር። ዱላቸውን ይዘው ማሳውን ዞሩ። ከመንደሩ በስተምሥራቅ፣ ከአንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ እስከ ወንዙ፣ ስምንት ጋሻ የሚሆን መሬት አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ላዩ ልቅም ያለ ነው። በጅሩ ልማድ ያልተሰነጠቀ መሬት ሥሩ ድንጋይ ነውና ጉድጓድ ሳያስቆፍሩ፣ ባለቤቶቹን ሳይጠይቁ «ጥልቀት የሌለው፣ ሦስተኛ ደረጃ» ብለው ጻፉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸው ያፈሰሱትን ለመልቀም ግን ዕድሜያቸው አልበቃም።

በ1950 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጥር 1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውቢት ገብረማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡና ዳዊትንና ብርቅዬን ወለዱ። በእርሻ ሚኒስቴር የአፈር ክፍል በኃላፊነት ሠሩ፤ በቾን፣ አድዓን፣ ምንጃርን በእግራቸው ለክተዋል። ለልፋታቸው ማዕረግ፣ ለጫማቸው ደግሞ በየስድስት ወሩ አዲስ ሶል ይገባቸው ነበር።

በታኅሣሥ 1957 ዓ.ም. የአፈር ባለሙያዎች ስብሰባ ተጠርተው እንደገና ወደ ሕንድ ሄዱ። ስብሰባው ሲያበቃ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቀው፣ በአውቶቡስና በበሬ ጋሪ ሻንታፑርን ሊሳለሙ ወረዱ። ቦርዋዲ ሲደርሱ ያ «ድንጋይ» ያሉት መሬት ሽምብራ ለብሷል። ሽምብራው ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው።

ከመሬቱ ባለቤቶች አንዱ፣ ቪቶባ የሚባሉ ገበሬ፣ አግኝተዋቸው በማሳው መካከል አዞሯቸው። አቶ መርዕድም በተማሩት ጥቂት የአገሩ ቋንቋ መሬቱ ለምን በበጋ እንደማይሰነጠቅ ጠየቋቸው። ቪቶባ ስቀው በበሬ የሚጎተት፣ ከሥሩ ሰፊ ምላጭ የገባበት እንጨት አሳዩአቸው። የቦርዋዲ ገበሬ በጋውን በሙሉ በየሳምንቱ መሬቱን በዚህ ምላጭ እየፋቀ ስንጥቁን ይደፍናል፤ ያኔ ፀሐይ ወደ ውስጥ ገብታ እርጥበቱን አትጠጣበትም። መሬቱ የማይሰነጠቀው ሰነፍ መሬት ስለሆነ ሳይሆን ባለቤቶቹ ጎበዝ ስለሆኑ ነበር። ቪቶባ አካፋ አስመጥተው ጉድጓድ አስቆፈሩ። ሰው ቆሞ እስኪሰወር ድረስ ጥቁር አፈር ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለም።

ከዚያ ቪቶባ የመስኖውን ነገር አጫወቷቸው። ከላይ ግድብ ተሠርቶ ውሃው በቦርዋዲ በኩል ሊያልፍ ነበር፤ ሆኖም መሐንዲሶቹ ካርታውን ገልጠው «እዚህ ያለው ሦስተኛ ደረጃ መሬት ነው፤ ውሃ አይገባውም» ብለው ቦዩን ወደ ደቡብ አጠፉት። በቀጣዩ ዓመት ዝናብ ቀረ። ቪቶባ ከጥንድ በሬያቸው አንዱን ሸጡ፤ ከዚያ ወዲህ ምላጩን የሚጎትቱት ከጎረቤት በሬ አጣምረው ነው። ይህን ሲናገሩ ማንንም አልረገሙም። እንግዳቸውን ቤታቸው አስገብተው የማሽላ ቂጣና የምስር ወጥ አበሏቸው፤ አልጋቸውን ለቀው አስተኟቸው።

አቶ መርዕድ ያን ምግብ በሉ። ያን አልጋ ተኙበት። ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ ሳይሉ በማግስቱ ተሰናብተው ሄዱ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። የአጎቴ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ ውስጥ ውስጡንም በላቸው። እኛ ልጆቻቸው ሻንታፑርን ሲያወሩ ናፍቆት ይመስለን ነበር። ስለ ተራራው፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ ሁመሩ ዛፍ ይነግሩንና ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ወሬ ይለውጡ ነበር። ለምን እንደሚለውጡ ማናችንም አልጠየቅንም፤ አክስቴ ውቢትም እንኳ አያውቁም ነበር።

ከስብሰባው ሲመለሱ የሥራ ጠባያቸው ተለወጠ። ሦስት ቀን የሚፈጀውን ጥናት ሦስት ሳምንት ያደርጉት ጀመር። ጉድጓድ ሳያስቆፍሩ፣ የማሳውን ባለቤት ከሚስቱ ጋር አስቀምጠው ሳይጠይቁ መስመር አይሰምሩም። አለቆቻቸው «መርዕድ መሬት እንዲያጠና ልከነው ሽምግልና ተቀምጦ ይመጣል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ሹመትም ሁለት ጊዜ አልፏቸዋል። ካርታው እንዲታረም ለሕንዱ መሥሪያ ቤት ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል። ከሦስቱ ለአንዱ መልስ መጣላቸው፤ ካርታው ታትሞ የተሰራጨ ስለሆነ እርማት የሚገባው ዳግመኛ ሲታተም ነው፣ ዳግመኛ ለማሳተም ደግሞ ዕቅድ የለም ይላል። ለቪቶባ ግን አልጻፉም። ቪቶባ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን የመንደሩ ጸሐፊ በሰው ፊት ያነብላቸዋል ብለው ፈሩ። ይህንን ፈሪነት ራሳቸው በዚሁ ቃል ጠርተውታል፤ እኔ አልጨመርኩም።

በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. ልጃቸው ዳዊት ስፖንሰር አድርጓቸው ከወይዘሮ ውቢት ጋር ወደ ቶሮንቶ መጡ፤ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመሩ። በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ስካርቦሮ በሚገኝ የአበባ ችግኝ መሸጫ ተቀጠሩ። ሥራቸው በከረጢት የመጣ አፈር በማሰሮ መሙላት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከረጢቱን ከፍተው አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት፣ ከዚያም ለአለቃቸው ይህ አፈር አይደለም፣ አባትም አገርም የለውም ብለው በጨዋ እንግሊዝኛ አስረዱ። አለቃው የሳቀ እንደሆነ አናውቅም፤ ግን አላባረራቸውም።

ጎረቤታችንና ወዳጃቸው አቶ ተማም፣ ታክሲ ነጂ በመሆናቸው፣ አንድ አደራ ተቀብለው ነበር፤ ከሻንታፑር አካባቢ የመጣ ሕንዳዊ ቢሳፈር እንዲነግሯቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በተገናኙ ቁጥር «ጋሼ መርዕድ፣ ዛሬም አንድ ፒክ አድርጌ ነበር፤ ከፑንጃብ ነኝ አለኝ» ይሏቸው ነበር። «አይዞህ፣ ሕንድ ሰፊ ነው» ይላሉ አቶ መርዕድ። «እሱስ ሰፊ ነው ጋሼ፤ የኔ ካብ ነው ጠባቡ!» አቶ ተማም ዛሬ እዚህ ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ ለምን እንደሚፈለግ ሳያውቁ ያን ሁሉ ሰው በመጠየቃቸው ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

የሚፈለገው ሰው የተገኘው ግን ከታክሲው ውስጥ ሳይሆን ከሕንጻችን ምድር ቤት፣ ከሎንድሪ ሩም ነው። በመጋቢት 1977 ዓ.ም. ወይዘሮ ኩልካርኒ የተባሉ አዲስ ጎረቤት ልብስ ሲያጥቡ ተዋወቋቸው፤ የሻንታፑር ጎረቤት አውራጃ ተወላጅ ሆነው ተገኙ። አቶ መርዕድ የአገሩን ቋንቋ ሲሞክሩ ሴትየዋ የሳሙናውን ካርቶን ጣሉት። ይህም ሆኖ አጎቴ ወሬውን ወደ ቦርዋዲ ለማምጣት አምስት ወር ፈጀባቸው። ነሐሴ ላይ ሐኪሞች የሆድ ካንሰር እንደያዛቸው ነገሯቸው። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ኩልካርኒን ቤታችን ጠርተው፣ ውቢትንና እኛን ሁላችንንም አስቀምጠው፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ ደብዳቤውንም ለቪቶባ አስጻፉ። ብርቅዬ አልቅሳ «ዳድ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ቴል አስ?» አለቻቸው። «ለእናንተ መንገር ቀላል ነው፤ እናንተ ትወዱኛላችሁ» አሏት።

መልሱ በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ደረሰ። ቪቶባ ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። ወይዘሮ ኩልካርኒ ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ወደ አማርኛ መለስነው። እንዲህ ይላል፤

«የመጣህ ዕለት ማን እንደሆንክ አውቅ ነበር። ከካርታው ጥግ ስምህ አለ፤ ጸሐፊያችን አንብቦልናል። ደግሞ በዱላ መሬት የሚወጋ አንድ ጥቁር እንግዳ ነው የመጣብን፤ በምን እንረሳሃለን? ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እንድታይ ነው። ስለ ቦዩ ያጫወትኩህ እንድትናገር ነው። እራት አበላሁህና ጠበቅሁ። አልጋዬን ሰጠሁህና እስኪነጋ ጠበቅሁ። ከዚያም ሃያ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። አሁን ተናግረሃል፤ በእኔና በአንተ መካከል የነበረው አልቋል። ወረቀቱ ግን ዛሬም ሦስተኛ ይላል። እኔ ልሞት ነው፤ ከወረቀቱ ጋር የሚኖሩት ልጆቼ ናቸው።»

አቶ መርዕድ ይህን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ አራተኛ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ሳይመጣ በየካቲት ወር ሕመሙ ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። እዚያ አልጋ ላይ ሆነው አንድ ቀን ስለ ቀብር ሥርዓታቸው አነሱ። እኔም ሰው እንደሚለው አይዞዎት፣ ይድናሉ አልኳቸው። «አዲስዬ፣ አትቀልጂ» አሉኝ። «ቀብሬ ላይ ወረቀት ታሳትማላችሁ አይደለም? የታተመ ስህተት በታተመ ነገር እንጂ በአፍ አይታረምም። ሌላ የሚያትምልኝ አላገኘሁም፤ እናንተ አትሙልኝ።» እኔ ለቀብር አይሆንም ብዬ ተከራከርኳቸው። ሰው ስለ እርስዎ ክፉ ይላል አልኩ። የመለሱልኝን እነግራችኋለሁ፦ «ይበል። ቪቶባ አውቆ እራት ሰጥቶኛል።»

አቶ መርዕድ ጥጋቡ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው፣ ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት፣ ንስሐቸውን ተናዝዘው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውቢት ገብረማርያምን፣ ልጆቻቸውን ዳዊትንና ብርቅዬን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን ትተዋል። እወዳቸዋለሁ፤ አሁንም እየተቆጣኋቸው እወዳቸዋለሁ። በሕመማቸው ጊዜ በየተራ ላስታመማችሁ፣ ከኢስት ዮርክና ከስካርቦሮ በበረዶ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

አፈርን የፈጠረ፣ ሰውንም ከአፈር ያበጀ አምላክ፣ ያወቁትንና ያላወቁትን በደላቸውን ይቅር ብሎ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ማኅበር ይደምርልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።

የዚህ ጽሑፍ አሥር ቅጂ ዛሬ ከቀብር መልስ ወደ ቦርዋዲ፣ አንድ ቅጂም ወደ መሥሪያ ቤቱ ይላካል፤ ወይዘሮ ኩልካርኒ የሚከተለውን በአገሩ ቋንቋ ጽፈውበታል። አጎቴም ንባቡን በራሳቸው ቃል እንድፈጽም ስላዘዙኝ፣ እነሆ፤

«ማረሚያ። በሻንታፑር አውራጃ የአፈር ካርታ፣ በሰባተኛው ገጽ፣ ከቦርዋዲ መንደር በስተምሥራቅ ከሁመሩ ዛፍ እስከ ወንዙ ያለው መሬት ጥልቀት የሌለው፣ ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነው። መሬቱ ከሰው ቁመት በላይ ጥልቅ ነው። አንደኛ ደረጃ ነው። ስህተቱ የመሬቱም የገበሬዎቹም አይደለም። ሳልጠይቅ የጻፍኩት፣ አውቄም ዝም ያልኩት እኔ መርዕድ ጥጋቡ ነኝ።»